ቤት ወይስ ቢት? ስለ ስክሪን፣ ስለ ርቀትና ስለ ፊደላችን ቀለበት

ባለፈው ዓመት እናቴ አራስ ልታርስ ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ወር አብራን ከረመች። ማታ ማታ ሕፃኑ ሲተኛ ሶፋው ላይ ሆና ከዩቲዩብ የአገር ቤት ዜና ትከታተላለች። ሕፃኑ እንዳይነቃ ድምፁን ስለምንዘጋው፣ ለእሷ ዜና ማለት በስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ ነበር። እሱ ደግሞ አይነበብላትም። የተለመደ ቃል ሲመጣ በግምት ትደርስበታለች፤ የሰው ወይም የቦታ ስም ሲመጣ ግን ትቆማለች። አንድ ቀን “ልጄ፣ ይሄ ነገር ጭጋግ ነው” አለችኝ።

እኔም የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪዬን ተማምኜ ወዲያው ፈረድኩ። ቴሌቪዥናችን ባለ 43 ኢንች 1080ፒ ነው፤ “አርጅቷል፣ ፒክስሉ አነሰ” አልኩና 4ኬ ገዛሁ። መደርደሪያው ከዚያ የሚበልጥ ስለማይችል መጠኑ ያው 43 ኢንች ነው። በተመሳሳይ ስፋት ላይ አራት እጥፍ ፒክስል! ሰካሁ፣ ከፈትኩ፣ ፊቷን አየሁ።

“ያው ነው’ኮ ልጄ” አለች።

ይህ ጽሑፍ ወደ ሱቅ ከመሄዴ በፊት ልሠራው ይገባኝ የነበረው ሂሳብ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሜትርና የስልክ ካልኩሌተር ብቻ ነው። ስክሪን ለመግዛት ለምታስቡም፣ አማርኛ የሚነበብበት አፕ ወይም ድረ ገጽ ለምትሠሩም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ዓይን የሚያየው ሚሊሜትር ሳይሆን አንግል ነው

አውራ ጣታችሁን ከዓይናችሁ አጠገብ አድርጉት፤ አንድ ሕንፃ ይከልላል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ስታርቁት የሚከልለው አንድ መስኮት ይሆናል። ጣቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከዓይናችሁ ጋር የሚሠራው አንግል ነው። ፒክስልም እንደዚያው ነው። “ይህ ስክሪን ጥርት ያለ ነው” የሚል አባባል “ከስንት ርቀት?” የሚለው ካልተመለሰ ምንም አይነግረንም።

አንድን ዲግሪ 60 ቦታ ብትከፍሉት አንዱ ክፍል የአንግል ደቂቃ ይባላል። በ1862 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድሱ የዓይን ሐኪም ሄርማን ስኔለን፣ ዛሬም በየዓይን ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የምናየውን የፊደል ሰሌዳ ያዘጋጀው በዚህ መለኪያ ነው። በሰሌዳው ላይ ጤናማ እይታ የሚባለውን፣ ማለትም 6/6 የሚለውን መስመር ከ6 ሜትር የሚያነብ ሰው 5 የአንግል ደቂቃ ቁመት ያለውን ፊደል ይለያል። የላቲኑን “ኢ” አስቡት፦ ሦስት አግድም መስመሮችና በመካከላቸው ሁለት ክፍተቶች። አምስቱም እያንዳንዳቸው 1 ደቂቃ ናቸው። ስለዚህ ጤናማ ዓይን የሚለየው ትንሹ ዝርዝር በግምት 1 የአንግል ደቂቃ ነው ይባላል።

ይህን በሜትር ለማሰብ አንድ ቁጥር ብቻ ያዙ፦ 1 ሚሊሜትር የሆነ ነገር ከ3.4 ሜትር ርቀት ሲታይ 1 የአንግል ደቂቃ ይሆናል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ አንግሉ እጥፍ ይሆናል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን አንግሉ በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሳሎናችን እንመለስ። የ43 ኢንች ስክሪን ስፋት 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለ1,920 ፒክስል ሲካፈል አንዱ ፒክስል ግማሽ ሚሊሜትር ይደርሰዋል። ሶፋችን ከስክሪኑ 3 ሜትር ይርቃል። ከዚያ ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር 0.57 የአንግል ደቂቃ ነው። ጤናማ ዓይን እንኳ ከሚለየው በታች ማለት ነው። እኔ ይህን ፒክስል በግማሽ አሳንሼ 0.28 አደረግኩት። ቀድሞም የማይታየውን ይበልጥ እንዳይታይ ለማድረግ ገንዘብ ከፈልኩ።

8,700 የምትባለዋ ቁጥር

የስክሪን ዝርዝር ላይ ብዙ ጊዜ “ፒክስል በኢንች” የሚል ቁጥር ይሰጣል። ከሌለ ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፦ የጎኑንና የከፍታውን ፒክስሎች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ ከዚያ በስክሪኑ ኢንች አካፍሉ። የትምህርት ቤቱ የፓይታጎረስ ሕግ ነው።

ይህን ቁጥር በሴንቲ ሜትር በተለካ ርቀት አባዙት። ውጤቱ 8,700 አካባቢ ሲደርስ አንድ ፒክስል 1 የአንግል ደቂቃ ሆኗል። ከዚያ በላይ ከሆነ 6/6 የሚያይ ዓይን ነጠላ ፒክስሎችን አይለይም። ካነሰ ይለያል። ቁጥሩን ገልብጣችሁ 8,700ን ለፒክስል በኢንች ብታካፍሉ ፒክስሎቹ “የሚቀልጡበትን” ርቀት ታገኛላችሁ።

* ስልክ፣ 6.5 ኢንች፣ 720 በ1600፦ 270 ፒክስል በኢንች። ከ32 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ይቀልጣል።
* ላፕቶፕ፣ 15.6 ኢንች፣ 1366 በ768፦ 100 ፒክስል በኢንች፣ 87 ሴንቲ ሜትር።
* ላፕቶፕ፣ 15.6 ኢንች፣ 1920 በ1080፦ 141 ፒክስል በኢንች፣ 62 ሴንቲ ሜትር።
* ሞኒተር፣ 27 ኢንች፣ 4ኬ፦ 163 ፒክስል በኢንች፣ 53 ሴንቲ ሜትር።
* ቴሌቪዥን፣ 43 ኢንች፣ 1080ፒ፦ 51 ፒክስል በኢንች፣ 1.7 ሜትር።
* ቴሌቪዥን፣ 43 ኢንች፣ 4ኬ፦ 102 ፒክስል በኢንች፣ 85 ሴንቲ ሜትር።
* ቴሌቪዥን፣ 55 ኢንች፣ 4ኬ፦ 80 ፒክስል በኢንች፣ 1.1 ሜትር።

ላፕቶፕን ብዙ ሰው ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው የሚጠቀመው። ርካሹ 1366 በ768 ላፕቶፕ ላይ ፊደል ሻካራ ሆኖ የሚታየን ለዚህ ነው። ባለ 720 ስልክ ግን በፒክስል ብዛት ከላፕቶፑ ብዙም ሳይለይ፣ ፒክስሎቹ በትንሽ ስክሪን ላይ ስለታጨቁ ከ30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ደህና ሆኖ ይታያል።

በ2010 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ጆብስ አይፎን 4ን ሲያስተዋውቅ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለሚያዝ ስልክ 300 ፒክስል በኢንች አካባቢ ወሳኝ ቁጥር ነው ብሎ ነበር። የስልኩ ስክሪን 326 ነበር። በእኛ ሂሳብ 300ን በ29 ብታባዙ 8,700 ይመጣል። ከማስታወቂያው ቃል ጀርባ የነበረው ሂሳብ ይኸው ነው።

የቪአር መነጽር ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። 2,000 ፒክስል በ100 ዲግሪ እይታ ላይ ቢዘረጋ ለአንድ ዲግሪ የሚደርሰው 20 ፒክስል ብቻ ነው። ዓይን የሚፈልገው 60 ነው። ስለዚህ ስክሪኑ በኢንች እጅግ ብዙ ፒክስል እያለው እንኳ ጽሑፉ የተጨማደደ ይመስላል።

ታዲያ 4ኬ ጥቅም የለውም ማለት ነው? አይደለም። ከ3 ሜትር ለምታዩት ቴሌቪዥን በዚህ ሂሳብ 4ኬ ከ1080ፒ መለየት የሚጀምረው ስክሪኑ ከ76 ኢንች ሲበልጥ ነው። ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ሞኒተር ግን ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ሂሳቡ ግድግዳ አይደለም

ሁለት ነገር ልጨምር፤ አለዚያ “ከ8,700 በላይ ምንም አይታይም” ብላችሁ ትሄዳላችሁ።

አንደኛ፣ 6/6 የእይታ ጣሪያ አይደለም። ብዙ ጤናማ ወጣቶች ከዚያ የተሻለ ያያሉ። ሁለተኛ፣ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለመለየት 1 ደቂቃ ቢፈልግም፣ አንድ መስመር በትንሹ መሰበሩን ለማወቅ ከዚያ አሥረኛ ያነሰ ልዩነት ይበቃዋል። ለዚህ ነው ነጠላ ፒክስል ከማይታይበት ርቀት ላይ እንኳ ያዘመመ መስመር “ደረጃ ደረጃ” ሆኖ የሚያስታውቀው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች የፊደልን ጠርዝ በግራጫ ፒክስል የሚያለሰልሱትም ይህን ለመደበቅ ነው።

የፊደላችን ቀለበት

ከዚህ በኋላ ያለው የእኛ ጉዳይ ነው፤ በሌሎች ቋንቋዎች በተጻፉ የስክሪን መመሪያዎች ውስጥ አታገኙትም።

“ቢት” እና “ቤት” የሚሉትን ቃላት ጎን ለጎን ጻፉ። አንዱ የእኛ የሙያ ቃል ነው፣ ሌላው ቤታችን። ልዩነታቸው የት አለ? “ቢ” በእግሩ ላይ አጭር ሰረዝ አለችው፤ “ቤ” ደግሞ በዚያው ቦታ ትንሽ ቀለበት። ቀለበቷ ውስጥ ያለችው ቀዳዳ ከተደፈነች “ቤ” “ቢ” ይሆናል። “ሰማ” እና “ሸማ”ም እንዲሁ፦ ልዩነታቸው በራስ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት። ላቲን በ26 ፊደል የሚጽፈውን እኛ ከ200 በላይ በሆኑ ፊደላት እንጽፋለን፤ ሁሉም በተመሳሳይ ሳጥን ውስጥ መለየት ስላለባቸው ልዩነቱ በጥቃቅን ምልክቶች ላይ ይወድቃል።

ይህን ወደ ስኔለን ሂሳብ እንመልሰው። ላቲኑ “ኢ” ለመለየት አምስት ደረጃ ይበቃዋል። የ“ቤ” ቀለበት የፊደሉን ከፍታ ሲሶ ያህል ይይዛል እንበል፤ እንደ ፎንቱ ይለያያል። ቀለበቱ ራሱ ሦስት ደረጃ ይፈልጋል፦ የላይ መስመር፣ ቀዳዳ፣ የታች መስመር። ሲሶው 3 ከሆነ ፊደሉ በሙሉ 9 ይሆናል። ማለትም “ቤ”ን ከ“ቢ” ለመለየት ብቻ ፊደሉ ከላቲኑ “ኢ” እጥፍ ሊጠጋ የሚችል አንግል ያስፈልገዋል። ይህ ደግሞ ጨርሶ ለመለየት የሚያስፈልገው ዝቅተኛው ነው፤ ተመችቶ ለማንበብ ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

አሁን የእናቴን ጉዳይ መፍታት እንችላለን። ከቪዲዮው ላይ ስክሪንሾት ወስጄ ስለካው የግርጌው ጽሑፍ በ1080 ስሌት 24 ፒክስል ቁመት አለው። በግድግዳችን ላይ 12 ሚሊሜትር፣ ከሶፋው ሲታይ 13.6 የአንግል ደቂቃ ማለት ነው። በ9 ሲካፈል የቀለበቱ ቀዳዳ 1.5 ደቂቃ ይሆናል። ለእኔ ዓይን ይበቃል፤ ስለዚህ “እንዴት አይታያትም?” እያልኩ እገረም ነበር። በኋላ የዓይን ምርመራ ስናደርግ ግን እናቴ 6/12 ነው የምታየው፤ ማለትም የምትለየው ትንሹ ዝርዝር 2 ደቂቃ ነው። 1.5 ከ2 ያንሳል። ቀለበቶቹ ሁሉ ተደፍነውባት ነበር። የጎደላት ፒክስል አልነበረም፤ የጎደላት የፊደል መጠን ነው።

ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ፒክስሉ ትልቅ ሆኖ ፊደሉ ከሻከረ፣ ሪዞሉሽን መጨመር ይፈታዋል። ፊደሉ ራሱ ለዓይን ካነሰ ግን ሪዞሉሽን ምንም አያደርግም፤ ወይ ፊደሉ ያድጋል፣ ወይ ሰውየው ይቀርባል፣ ወይ መነጽር ይደረጋል።

ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት ነው

ሌላም ነገር አገኘሁ። የዩቲዩቡ ጥራት “አውቶማቲክ” ላይ ስለነበር ኢንተርኔታችን በሚጨናነቅበት ማታ ወደ 480ፒ ይወርድ ነበር። ያ 24 ፒክስል ጽሑፍ በ480 ስሌት ወደ 11 ፒክስል ይወርዳል። የቀለበቱ ቀዳዳ 1 ፒክስል ገደማ ይቀረዋል፤ እሱንም የቪዲዮው መጭመቂያ ያደበዝዘዋል። 4ኬ ቴሌቪዥን የጠፋን ቀዳዳ መልሶ አይከፍትም። ያው የተደፈነውን ፊደል በብዙ ፒክስል ያሳየናል እንጂ።

በማኅበር የቴሌግራም ቡድኖቻችን የሚዞሩ የጥሪና የለቅሶ ማስታወቂያዎች ላይም ይኸው ይደርሳል። ጽሑፉ ፎቶ ሆኖ ይሠራል፤ ሲላክ ይጨመቃል፤ ወርዶ እንደገና ሲላክም ዳግመኛ። በመጨረሻ አድራሻው ላይ ያለው ፊደል የማይለይ ይሆናል። ከፎቶው ሥር አድራሻውን በጽሑፍ መድገም ብቻውን ብዙ ሰው ከመሳሳት ያድናል።

ለምንሠራው ሰዎች

በሲኤስኤስ “ፒክስል” የሚባለው የስክሪኑ ፒክስል አለመሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ትርጉሙ ግን ደስ የሚል ነው፦ መስፈርቱ የሚነሳው በኢንች 96 ፒክስል ያለው ስክሪን፣ እጅ ተዘርግቶ በሚደርስበት 28 ኢንች ወይም 71 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲታይ አንድ ፒክስል ከሚሠራው አንግል ነው። ይህም 1.28 የአንግል ደቂቃ ያህል ነው። ሳናስተውለው ስንጽፍ የኖርነው አንግል ነበር።

በዚህ ስናሰላ የተለመደው 16 ፒክስል ፎንት ላይ፣ ፊደሉ የፎንቱን መጠን 70 በመቶ ቢይዝ ቁመቱ 11 ፒክስል ይሆናል። የ“ቤ” ቀዳዳ ለብቻዋ 1.2 ፒክስል ናት። ባለ እጥፍ ፒክስል ስልክ ላይ ቀዳዳዋ 2.5 የስክሪን ፒክስል ስለምታገኝ ትተርፋለች፤ በርካሹ ላፕቶፕ ላይ ግን ግራጫ ነጥብ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ እኔ አሁን የምከተለው ይህን ነው፦

* ለአማርኛ ጽሑፍ ከ16 አልነሳም፤ 18 ወይም 20 አደርጋለሁ። በሲኤስኤስ ቋንቋው አማርኛ ሲሆን ብቻ የሚሠራ ሕግ መጻፍ ስለሚቻል የእንግሊዝኛው ገጽ አይነካም።
* በትንሽ መጠን ላይ ወፍራም ፎንት አልጠቀምም። መስመሩ ሲወፍር መጀመሪያ የሚደፈነው የቀለበቱ ቀዳዳ ነው።
* መጠኑን ተጠቃሚው ከብሮውዘሩ ወይም ከስልኩ ሲያሳድግ አብሮ በሚያድግ መለኪያ እሰጣለሁ። ስልኩ ላይ ፊደል ያሳደገው ሰው ምክንያት አለው።
* ካንቫስ ላይ ጽሑፍ ስሥል የመሣሪያውን የፒክስል እጥፍ እጠይቃለሁ። ካልጠየቅን ብሮውዘሩ ትንሹን ሥዕል ጎትቶ ያሳድገዋል፤ ጽሑፉም በጥሩ ስልክ ላይ እንኳ ይደበዝዛል።
* ለቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ ሳዘጋጅ በ480ፒ አውርጄ አያለሁ። እዚያ ከተነበበ ሌላው ቦታ ይነበባል።

ፈተናው ደግሞ ነፃ ነው። አፓችሁ ላይ “ቢ ቤ ሲ ሴ ሰ ሸ ተ ቸ ነ ኘ” ብላችሁ በምትጠቀሙበት መጠን ጻፉ። ቅደም ተከተሉን ሌላ ሰው ያቀያይርላችሁ። ከዚያ መለየት እስኪያቅታችሁ ወደ ኋላ ሂዱና ርቀቱን ለኩ። እኔ የምይዘው ልማድ፣ ያንን ርቀት በግማሽ ቀንሼ እንደ ምቹ የማንበቢያ ርቀት መቁጠር ነው። ግማሹ ተጠቃሚው በተለምዶ ከሚቀመጥበት ካነሰ ፊደሉ ማደግ አለበት። ከተቻለ ፈተናውን እናታችሁ ወይም አባታችሁ ይሥሩት፤ የእናንተ ዓይን ያታልላችኋል፤ የእኔ እንዳታለለኝ።

በመጨረሻ እቤታችን ምን ሆነ? የቪዲዮውን ጥራት በእጄ 1080 ላይ አደረግኩት። ሶፋውን አንድ ሜትር ወደፊት ገፋሁት። ከ2 ሜትር ሲታይ ያው ጽሑፍ ከ20 የአንግል ደቂቃ ይበልጣል፤ ቀዳዳውም 2.3 ይሆናል፣ ከእናቴ ድንበር በላይ። በዚያ ምሽት ከግርጌው የአንዲት ወረዳ ስም ጮክ ብላ አነበበችና ሕፃኑን ቀሰቀሰችው።

አሮጌው 1080ፒ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። 4ኬው አሁን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ከዓይኔ 85 ሴንቲ ሜትር ርቆ።